ለየአፈሩ የራሱ ማሽን፦ የጋሽ አይሆንም የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት በፊት ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ሙሉ ስማቸው በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ ነገር ግን እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል በዚያ ስም ጠርቷቸው የሚያውቅ ከአምስት ሰው አይበልጥም። መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሽ አይሆንም» በሚለው ነው። ስሙን ያወጡላቸው አለቆቻቸው ነበሩ፤ ሊያሸማቅቋቸው ብለው። እሳቸው ግን ሹመት የተሰጣቸው ያህል ተቀበሉትና በስልክም «ጋሽ አይሆንም ነኝ፣ ማን ልበል?» ይሉ ጀመር። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረች መምህርት ስለሆነች፣ ሲነበብ ከኋላ የምታወሩ ዝም እንድትሉላት ከወዲሁ ትጠይቃለች።

ወንድማችን በልጅነታቸው እንደማንኛውም ልጅ ተጫውተው አደጉ ብሎ መጻፍ ደስ ባለን ነበር፤ ውሸት ይሆናል እንጂ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው የአባታችንን መሮ ሰርቀው የቆርቆሮ ክዳን ከፈቱበትና አፉን አዶለዶሙት። አባታችን አልመቷቸውም። መትተዋቸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅና እኛም እናርፍ ነበር። ይልቅስ «መሮ ለእንጨት ነው» ብለው፣ ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ላይ እያሹ እንዲስሉት አደረጉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። እናታችን በጨርቅ መቀስ ወረቀት ስትቆርጥ ካዩ «እማዬ፣ የሱ አይደለም!» ብለው ይጮኻሉ። ታናሽ እህታቸው በቢላ እርሳስ ስትቀርጽ ካገኟት ቢላውንም እርሳሱንም ይቀማሉ። እናታችን «ይሄ ልጅ ሲያድግ የሚያገባትን እኔ ገና ሳላያት አዘንኩላት» ትል ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ተከታትለው በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። ቀጥሎም በቴክኒክ ትምህርት ቤት በከባድ ማሽነሪ ክፍል ሦስት ዓመት ተማሩ። በመጨረሻው ዓመት ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ማሽኖች ኃይለኛው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዶዘር ይላል፣ ግሬደር ይላል፣ ሎደር ይላል። ወንድማችን አንዱንም ሳያከቡ ከጎኑ «ለምን ዓይነት ሥራ?» ብለው ጻፉ። መምህሩ ዜሮ ሰጧቸው። ወንድማችን ግን ወር ሙሉ በቢሯቸው ደጃፍ ተመላልሰው፣ ጥያቄው ራሱ ከፈተናው እስኪሰረዝ ድረስ አላረፉም። የተማሪው ሁሉ ውጤት እንደ አዲስ ተደመረ፤ ሁለት ጓደኞቻቸውም በዚህ ምክንያት ወደቁ። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ እዚህ መጥተዋል፤ ይቅር ስላሏቸው ቤተሰቡ ያመሰግናል።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በመንገድ ሥራ ድርጅት በግሬደር ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የማሽን ምደባ ኃላፊ ሆኑ። ይህ ማዕረግ ላልገባው ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ መንገድ የሚሠራበትን ቦታ ቀድመው ሄደው ያያሉ፤ አፈሩን በእጃቸው ያሻሉ፤ ከዚያ ለዚህ የአፈር ቆረጣ ይህ ማሽን፣ ለዚያ የአፈር ሙሌት ያኛው ማሽን ብለው ጽፈው ይፈርማሉ። እሳቸው ሳይፈርሙ፣ ወይም አለቃ በፊርማው ሳይሽራቸው፣ ማሽን ከግቢ አይወጣም። ወንድማችን ሠላሳ ዓመት ይህን ሲሠሩ፣ አለቆቻቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉ ኖሩ።

የመጀመሪያው አለቃቸው «ትልቁ ይምጣ» የሚባሉት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ለሥራ ሁሉ ትልቁን ማሽን ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ላለ ቆረጣ አርባ ቶን የሚመዝን ቆፋሪ ማሽን፣ ኤክስካቫተር፣ አዘዙ። ወንድማችን «ወንዙ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ አሥራ አምስት ቶን ነው የሚችለው፤ ትንሹ ይበቃናል፣ አይሆንም» ብለው ጻፉ። ሥራ አስኪያጁም «ትልቅ ማሽን ሲገባ ሕዝቡ ያያል፤ ሥራ ተጀመረ ይላል» አሉና በራሳቸው ፊርማ ሽረዋቸው ማሽኑን ላኩት። ኤክስካቫተሩ ወንዝ ዳር ደርሶ ቆመ። ወዲያ እንዳይሻገር ድልድዩ አይችለው፤ ወዲህ እንዳይመለስ ነገሩ አሳፋሪ ሆነ። ሦስት ወር ሙሉ ለማሽኑ ድልድይ ሲሠራ ከረመ። ድልድዩ ሲያልቅ ዝናቡ ገባ። ሕዝቡስ አየ፤ ያየው ግን ማሽኑ ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተው ነው።

ረግረጉ ላይ የሆነውን ደግሞ ስንቶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ባለ ጎማ ሎደር ተላከ፤ ሰመጠ። እሱን የሚጎትት ሌላ ሎደር ተላከ፤ እሱም ሰመጠ። ሁለቱን እንዲያወጣ ሦስተኛ ሲላክ ወንድማችን መኪናቸውን መንገዱ ላይ አግድመው አቁመው ከውስጥ ቆለፉ። «እንኳን ጎማ፣ ዳክዬም እዚህ አስባ ነው የምትገባው! ሰፊ ሰንሰለት ያለው ዶዘር እስኪመጣ አልንቀሳቀስም» አሉ። ዶዘሩ መጥቶ ሁለቱንም በግማሽ ቀን አወጣቸው። ምስጋናውስ? መንገድ በመዝጋት የሁለት ቀን ደመወዝ ቅጣት።

ከሁሉ የሚያበሽቀው የአሮጌው ሰፈር ነገር ነበር። እዚያ ቤቶቹ የጭቃ ግድግዳ ናቸው፤ መንገዱ ደግሞ በመስኮታቸው ሥር ያልፋል። መሬቱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ትልቁ ነዛሪ ሮለር ቢገባ ግድግዳው ሁሉ እንደሚሰነጠቅ ስላወቁ፣ በትንሿ ሮለርና በእጅ በሚገፋ መደልደያ እንዲሠራ አደረጉ። ሥራው ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ፈጀ። የሰፈሩ ሰው አቧራ ጠጥቶ ተማረረና «ይሄ ሰነፍ ሰውዬ» እያለ ሰደባቸው። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም የእጥበት ውሃ ደፉባቸው። ሳይሰነጠቅ ለቀረ ግድግዳ ማን ያመሰግናል? ያልደረሰ ጥፋት አይታይም። እሳቸውም እርጥብ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቤት ገቡና «ግድግዳዋ ደህና ነው» ብለው እራታቸውን በሉ።

በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው በዚያው ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። የተዋወቁት ወንድማችን ለግሬደር ማጣሪያ ሊወስዱ በሄዱ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው ወረቀቱን አዩና «ይሄ ቁጥር የሎደር ነው። ብሰጥህ ነገ መጥተህ ታለቅስብኛለህ። አይሆንም!» ብለው መለሱባቸው። ወንድማችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው «አይሆንም» ሲላቸው ደስ አላቸው። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ እያወቁ የተሳሳተ ቁጥር ይዘው ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ ማጣሪያ ነው የምትፈልገው ወይስ ሌላ ነገር?» አሏቸው፤ ጋብቻው ተፈጸመ። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። እናታችንም ምራቷን ስታይ «ለካ ላዝንላት አይገባም ነበር፤ እሷም ብሳለች» ብላ ልቧ አረፈ።

የቤታቸውን ኑሮ በዝርዝር አንጽፍም፤ ባለቤታቸው የኖሩት ይበቃቸዋል። ለሲሚንቶው ወለል አንድ፣ ለጣውላው አንድ፣ ለግቢው አንድ፣ ሦስት መጥረጊያ ያለው ቤት መሆኑን ብቻ እንጠቅሳለን። ታናሽ እህታቸውም አንድ ፎቶ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉላት ጠይቃ፣ ሁለት ቅዳሜ ግድግዳውን እያንኳኩ ሲያዳምጡ ውለው ሄደዋል። ኧረ በፈጣሪ፣ ምስማር ነው የተባለው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቤተሰቡ ይህን ከመጻፍ ወደኋላ ብሎ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን «ካልጻፋችሁት ይነሳና ራሱ ይጽፈዋል» ስላሉ ተጽፏል።

ወንድማችን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው፣ ከታችኛው ከተማ ወደ ላይኛው ከተማ የሚወጣው መንገድ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የቀረችው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው ስልሳ እርምጃ የምትሆን ቦታ ናት። ቦታዋ በሸክላማ አፈር መሞላት ነበረባት። እንዲህ ያለ አፈር በስሱ እየተነጠፈ በባለ ጉጥ ሮለር ነው የሚጠቀጠቀው፤ ጉጦቹ እንደ በግ ሰኮና ወደ ውስጥ እየገቡ ከሥር ይረግጡታል። ልሙጡ ሮለር ግን ላዩን ያሳምርና ውስጡን ልቅ አድርጎ ይተወዋል። በቦታው የነበረው ልሙጡ ነው። ባለ ጉጡ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነበር፤ በሎቤድ፣ ማሽን በሚጭነው ረጅም መኪና፣ ተጭኖ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል። እንግዶች ደግሞ መንገዱን ሊመርቁ ቀን ተቆርጧል። በዚያ ላይ የሴት ልጃቸው ሰርግ ይህ ክርክር በተነሳበት ቀን ማግስት ነው።

ወንድማችን እንደ ልማዳቸው «አይሆንም» አሉ፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። የጊዜው ሥራ አስኪያጅም ወረቀቱን የፒክአፑ ኮፈን ላይ ዘርግተው «እሺ፣ አይሆንም ካልክ አንተው ሦስት ቀን እዚህ ቆመህ ጠብቀው፤ ሰርጉን እኛ እንበላልሃለን» አሏቸው። ወንድማችን እስክሪብቶውን ተቀበሉና ፈረሙ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያለ እምነታቸው የፈረሙት ይህችን አንዲት ወረቀት ነው። ለማንም አልተናገሩም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት።

በሰርጉ ላይ ፊታቸው አልፈታ አለ። በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ጥርስ የሚያመው ሰው ይመስላሉ። እኛ ልጃቸውን መዳር ከብዷቸው ነው አልን። ኤሌክትሪሺያኑ አማቻቸው ደግሞ «አባትሽ አልወደደኝም» ብሎ ደመደመ። ይህን አምኖ ዘጠኝ ዓመት የአማቱን ቤት መብራት በነፃ ሲጠግን ኖሯል። እሳቸውም ዘጠኝ ዓመት ሽቦ አመራረጡን ሲነቅፉ ኖረዋል፤ ይህ ግን ከሰርጉ ጋር አይገናኝም፤ ሽቦውም ቀጭን ነበር።

መንገዱ ተመረቀ። ያቺ ስልሳ እርምጃ ከሁሉ ያማረች ነበረች፤ እንደ መስታወት ለስልሳ። እንግዶቹ እዚያው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንዳባራ ወንድማችን ሄደው አዩ፤ መንገዱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። በማግስቱ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፉ፦ የማሽን ምደባ ኃላፊው የተሳሳተ ሮለር ስለፈቀደ ሙሌቱ ልቅ ነው፤ አንድ ቀን ከነመኪናው ገደል ይገባል፤ ተቆፍሮ እንደገና ይሠራ። የማሽን ምደባ ኃላፊው ማን ነው? እሳቸው። ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ሰው ነው። ድርጅቱ ነገሩን በጥሞና መረመረና ለወንድማችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ድርጅቱ ክሱን አምኖ ቅጣቱን ጻፈ፤ መንገዱን ግን አልቆፈረም! ይህን ጉድ ለማን ይነግሩታል?

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ሰው ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይተክላል። ወንድማችን የውሃ ልክ ቱቦ ገዙ፤ ግንበኞች ከፍታና ዝቅታ የሚለኩበት፣ ውስጡ ውሃ ያለበት ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም አንዱን ጫፍ እሳቸው ዓለቱ ላይ ይይዛሉ፤ ሌላውን ጫፍ ታናሽ እህታቸው አስፋልቱ ላይ ትይዛለች። ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ መንገድ መሀል ተንበርክካ የውሃ ቱቦ ይዛ! መኪናው ጡሩምባ ይነፋባታል፤ የቀድሞ ተማሪዎቿ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ቲቸር፣ ምን ጠፋብዎ?» ይሏታል። እሳቸው ከወዲያ ማዶ «አታንቀሳቅሺው!» ይጮኻሉ። በየዓመቱ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ይገኛል። እሳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ድርጅቱ ጠጋኞች ይልካል። ጠጋኞቹ የሰመጠውን በአስፋልት ሞልተው ያስተካክሉታል። ከዚያ መልስ ይመጣል፦ «ቦታውን አይተነዋል፤ ደልዳላ ነው።» ሞልታችሁት ነዋ! ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት፣ ዘጠኝ ደብዳቤ። በላዩ የተጨመረው አስፋልት ሲደማመር አንድ ክንድ ሊሞላ ተቃረበ።

ልጃቸው ነርስ ናት። የምትኖረው በላይኛው ከተማ፣ የምትሠራው በታችኛው ነው፤ በየቀኑ በአውቶቡስ በዚያች ቦታ ታልፋለች። ወንድማችን እንቅልፍ ያጡት በዚህ ነው። እውነቱን እንዳይነግሯት ሰርጓን ማበላሸት መሰላቸው፤ እንዳይተዉት ልጃቸው ናት። ስለዚህ «እዚያች ቦታ ስትደርሺ ውረጂና በእግርሽ ተሻገሪ፤ በተራራው በኩል። መራመድ ለጤና ጥሩ ነው» አሏት። ነርስ ለሆነች ልጅ! ልጃቸውም ሳቀች፤ ግን ጠባያቸውን ስለምታውቅ እሺ አለች። በየጠዋቱ ትወርዳለች፣ ስልሳ እርምጃ ትራመዳለች፣ አውቶቡሱ ወዲያ ማዶ ይጠብቃታል። ተሳፋሪው «እመቤቲቱ እስኪንሸራሸሩ ሥራ ይቅርብን?» እያለ ያጉረመርማል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትሰደብ ኖረች። የአባቷን ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሙ አቧራው ነው አሉ። ወንድማችን ሆስፒታል ገብተውም አላረፉም። የሚገፋው አልጋ ጎማው ለኮሪደሩ ወለል እንደሚያንስ ለሐኪሙ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለሚያስተኛቸው ሁሉ ነገሩ። ሐኪሙ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጠው «አባቴ፣ እርስዎ የመጡት ሊታከሙ ነው ወይስ ሊቆጣጠሩን?» አሏቸው።

በዚህ መሀል ድርጅቱ አዲስ መሐንዲስ ሾመ። ይህች ልጅ ቢሮ በገባች በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያ ስትከፍት ዘጠኝ ደብዳቤና አንድ ማስጠንቀቂያ በአንድ ፋይል አገኘች። እስከ ዛሬ ፋይሉን ከፍቶ እስከ መጨረሻው ያነበበ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሆስፒታል ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ቦታውን ላየው ነው» አለቻቸው። ወንድማችንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ብዙ ሰው አይቶት ነበርና። እሷ ግን ከታናሽ እህታቸው ጋር ሄዳ የብረት ዘንግ አስመጣችና አስፋልቱን አስበሳች፤ ዘንጉን በመዶሻ መታችው። በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ዘንጉን መልሶ ያነጥረዋል። ይህኛው ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ ጣት እልም ብሎ ወረደ። መሐንዲሷ ወደ ታናሽ እህታቸው ዞረች። «በየቀኑ አውቶቡስ ነው እንዴ እዚህ የሚያልፈው?» ብላ ጠየቀች። ያን ዕለት መንገዱን ዘጋችው።

ለመቆፈር ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ወንድማችን ያኔ ለምን ልሙጡን ሮለር እንደመረጡ በጽሑፍ ማስረዳት ነበረባቸው። ቁጭ ብለው መጻፍ ስላልቻሉ ሴት ልጃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ፎርሙን እያነበበች እሳቸው የሚሉትን ትሞላ ጀመር። ቀኑን ሲነግሯት እስክሪብቶዋ ቆመ። አማቻቸውም በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የሰርጌ ዋዜማ ነው» አለች።

 ወንድማችን «ሦስት ቀን ነበር የሚያስፈልገኝ» አሉ።

«ታዲያ ሦስት ቀን እጠብቅህ አልነበር? ሰርግ አይደል፣ ሦስት ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል? ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአለቆቼ ሁሉ አይሆንም ያልኩ ሰውዬ፣ ላንቺ ማለት አቃተኝ፤ ቬሎሽን ለብሰሽ መስታወት ፊት ስትዞሪ አየሁሽና አቃተኝ» አሉ፤ አለቀሱም። ወንድማችን ሲያለቅሱ ያየናቸው ያኔ ብቻ ነው። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ «ጠይቀኸኝ ቢሆን እኮ እጠብቅህ ነበር» ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ። አማቻቸው ግን ከበሩ ላይ «ታዲያ እኔን ጠልተው አይደለም?» ብሎ ጠየቀ። ወንድማችንም እንባቸውን ጠርገው «አንተን? አንተን የምጠላህ በሽቦው ነው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩን።

ፈቃዱ ወጣ፤ ባለፈው ሰኞ ቁፋሮው ተጀመረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መሐንዲሷ ደወለች፤ ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። መሐንዲሷ ሙሌቱ እንዳሉት ልቅ ሆኖ መገኘቱን፣ ውስጡ ውሃ መቋጠሩን፣ በገደሉ በኩል መንሸራተት መጀመሩንና አንድ ክረምት እንኳ እንደማይጨምር ነገረቻቸው። ዘጠኝ ዓመት የተናገሩት እውነት ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኩም?» ይል ነበር። እሳቸው ግን «በምን እየቆፈራችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። የኤክስካቫተሩን ዓይነት ነገረቻቸው። «ታች ስትደርሱ የባልዲውን ጥርስ አውልቁት፤ መሠረቱን ይፈነቅለዋል። ለሙሌቱስ?» አሉ። መሐንዲሷም ባለ ጉጡ ሮለር በሎቤድ ተጭኖ መነሳቱን፣ ግን ሰኞ እንጂ ከዚያ በፊት እንደማይደርስ፣ አለቆቿም ባለው ልሙጥ ጀምሩ እያሉ እንደሚጨቀጭቋት ነገረቻቸው። ወንድማችን ለመናገር ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። «ጠብቂው፣ ልጄ። ምንም ቢሉሽ ጠብቂው» አሏት።  በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እንዳሉ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ከቅዳሜ ጀምሮ ስታጉረመርሙ ሰምተናል። «ትናንት እሑድ ሁሉም ሰው ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ ቀብሩ ለምን ለሰኞ ተላለፈ?» ብላችኋል። መሐንዲሷም አለቆቿም ሳይሆኑ፣ ቀኑን ያዘገየችው ልጃቸው ናት። እኛም ተቆጥተናት ነበር፤ ሬሳ ይዞ መጠበቅ ምን ይባላል ብለን። እሷም «አባዬ ለእኔ ሲል ያልጠበቀውን እኔ እጠብቅለታለሁ። ሮለሩ ሳይገባ አይቀበርም» አለችና አፋችንን አስያዘችን። ዛሬ ጠዋት ከላይኛው ከተማ በተዘዋዋሪው መንገድ አቧራ እየጠጣችሁ ስትመጡ፣ አንድ ረጅም ሎቤድ መንገድ ዘግቶባችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቁሟችኋል። ጡሩምባ የነፋችሁም፣ ሾፌሩን የሰደባችሁም አላችሁ። ሎቤዱ ላይ የነበረው ባለ ጉጡ ሮለር ነው። ልጃቸው ከመኪናዋ ወርዳ፣ ከነጥቁር ልብሷ ከፊት ከፊቱ እየሄደች እስከ ቦታው አድርሳዋለች።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አንድ አማች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ይህን የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሟቸውን፣ ጠባያቸውን የቻሉትን፣ የሰደቧቸውን ጭምር ቤተሰቡ ያመሰግናል። ከዚህ መልስ ወደ ቤት አንሄድም፤ ሮለሩ የመጀመሪያውን ዙር ሲሄድ ልጃቸው ቆማ ልታይ ነው፤ መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፣ ጭቃ ስላለ ጫማውን ይቀይር። የሰው ልማድ ሟችን አፈሩ ይቅለልዎ ብሎ መሰናበት ነው። ወንድማችን ልቅ አፈር ስለማይወዱ እንዲያ አንላቸውም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጸናው ስፍራ ያሳርፍልን፤ በስልሳዋ እርምጃ ላይ ወጥቶ የሚገባውንም ሁሉ በደህና ያድርስልን።